ሐሙስ ይደርሳል

ሰኞ ነው የመጣች፣ ከቀትር በኋላ፣
የባሕሩ ጉም ከኮረብታው ገና ሳይላላ፤
እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጎትታ
ስልኳን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች፣ ቀስ ብላ፣
እንደ ተኛ ሕፃን።
«ደረጃ ላይ ወደቀ» አለች። ዝም አልኩኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈትቼ ገጥሜ፣
የወደቀ ዕቃና የተወረወረ
ስብራቱ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ በዕድሜ።

እዚህ በቫልፓራይሶ ቤቱ ሁሉ ቀለም፣
ቢጫ ነው ቆርቆሮው፣ ሮዝ ነው መስኮቱ፤
ቱሪስት ፎቶ አንሥቶ ይወርዳል ደስ ብሎት፣
ከጀርባ ነው ዝገቱ።

ስሟ ማይቴን ነው። ደረሰኝ ላይ ጻፍኩት።
የተሰነጠቀው ስክሪን ግን ሌላ ስም ያበራል፤
«ፀሐይ» ይላታል፣
ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው ይከተላታል።
በዚያ ትስቃለች፣ ጥርሷ እስኪቆጠር፤
በዚህ፣ ከባንኮኒው ማዶ፣
ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ደም እስኪቋጥር።
ገጽ ነው ያኛውም፣ ገጽ ነው ይኼኛውም፤
ሁለቱን ተሸክሞ
የአሥራ ስድስት ዓመት አንገት አይችልም።

«መቼ ይደርሳል?»
«መስታወቱ ከሳንቲያጎ ነው የሚመጣው። ሐሙስ ይደርሳል።»
«ሐሙስ! እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?»
ምን ልሥራ አላለችም።
ምን ልሁን ነው ያለች።

ማክሰኞ መጣች። «ደረሰ?» «አልደረሰም።»
አልሄደችም ግን። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤
አውራ ጣቷ ይጠርጋል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣
የሌለ መስታወት ይፈልጋል፣ ጉልበቷ ላይ።
ብሎን አፈሰስኩላት፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣
«በየመጠኑ ለይልኝ።»
መጀመሪያ እጇ ተንቀጠቀጠ፤
በኋላ መንቀጥቀጡን ረሳው።

«እናትሽስ?»
«የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፣ ሌሊት። ቀን ትተኛለች።
‹ደህና ነሽ?› ብላ ትጽፍልኛለች፣
ቀይ ልብ እልክላታለሁ። ይበቃታል።»
አንዲት ብሎን ጠፍታባት ወለሉን ዳበሰች።
«ለሁሉም እልካለሁ» አለች ጎንበስ እንዳለች፣
«ለራሴ ሲሆን ያልቅብኛል።»

አንድ ነገር ልናገር፣ ለማንም ያልነገርኩት።
ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ስልክ አለ፣
ባለቤቱ ያልወሰደው።
ኒካኖር ይባል ነበር፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣
«ቶሎ በል» አለኝ፤ ቶሎ ሠራሁለት፤
በማግስቱ የመጣ የለም።
በሳምንቱ ከላይኛው ሰፈር ደወል ሰማሁ።
በዓመት አንድ ቀን ቻርጅ አደርገዋለሁ፤
ሲበራ መልእክቱ ይንጫጫል፦
«ጠፋህ!» «ምነው ጠፋህ?» «መልካም ልደት!»
እነዚያ ገና አልሰሙም።
መልሼ አጠፋዋለሁ።

መስታወቱ ረቡዕ ጧት ደረሰ፣ በአውቶቡስ፣ በካርቶን ታሽጎ።
ከሰዓት መጣች። «ደረሰ?»
«ሐሙስ ብዬሻለሁ» አልኩ፣
ካርቶኑን በእግሬ ወደ ውስጥ እየገፋሁ።
ውሸት ነው። ኃጢአቱ የኔ ይሁን።

በዚያ ቀን አሮጌ ሬዲዮ ፈታች፤
አቧራውን እፍ ስትል አስነጠሳት፣ ሳቀች፤
ሳቋ ያ አልነበረም፣ ጥርሷም አላማረም፣
በአፍንጫዋ ነው የሳቀችው፣
ማንም አልቀረጸውም።

ሐሙስ ገጠምኩት።
ሳታበራው በፊት፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ፣
ፊቷ መጣ፤ ለአፍታ ተያዩ፤
ከዚያ ብርሃኑ ዋጠው።
«ጠፋሽ!» «የት ጠፋሽ?» «ፀሐያችን ጠለቀች ወይ?»
አራት መቶ ስድስት ሰው።
ስታነብ ሞቃት መሰለኝ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እስከ ክርኗ፣
እዚያ እንዳለሁ ረስታ።
ያየሁትን አልጽፍም።
ዐይኔን ግን አላሸሸሁም፤
ሻይ ቀዳሁላት፣ ስኳሩን ሳልጠይቅ ሦስት ጨመርኩ፣
የሆስፒታሉን ስልክ ቁጥር ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፣
«እናትሽ ስትወጣ፣ አብራችሁ ሂዱ» አልኩ።
ደረሰኙን አጣጥፋ በኪሷ ከተተች።

በሩ ላይ ዞር አለች፦
«ያ ሬዲዮ እኮ ገና አልተገጠመም። ቅዳሜ ትከፍታለህ?»
ሠላሳ ዓመት ቅዳሜ ከፍቼ አላውቅም።
«እከፍታለሁ።»

ደረጃውን ወጣች፣ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ይነዝራል።
ስታወጣው አላየሁም፤
ጉም ነበር፣ ደግሞም
መነጽሬን አላደረግኩም።